የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ፖሊሲን የሚያስተባብር ብሔራዊ አካል ስለ ማቋቋም

አንድ መንግሥት መንገድ ሲያሠራ ሥራው ለሁሉ ይታያል። ከሁለት አቅጣጫ የተጀመሩ መንገዶች መካከል ላይ ሳይገናኙ ቢቀሩ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጉድለቱን ይመሰክራል። የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ሥራ ግን እንደዚህ አይደለም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በብዙ ገንዘብ ኮምፒውተር ገዝተው፥ መዝገባቸውን በየፊናቸው አደራጅተው፥ በመጨረሻ አንዱ የሌላውን መዝገብ ማንበብ ቢያቅተው ጉድለቱ ከግድግዳ በስተ ጀርባ ተሰውሮ ይቀራል። የሚያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚያውቀው ከአንደኛው መሥሪያ ቤት ታትሞ የተሰጠውን ወረቀት ተሸክሞ ለሁለተኛው ሲያስረክብ፥ የሁለተኛው ጸሓፊ ደግሞ ያንኑ ቃል በቃል እንደ ገና ሲጽፈው በማየት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። ይኸውም አንድ አገር የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ፖሊሲዋን የሚያስተባብር ብሔራዊ አካል ያስፈልጋታልን? የሚያስፈልጋት ከሆነስ የዚህ አካል ሥልጣን እስከ ምን ድረስ፥ ቦታውስ የት ሊሆን ይገባዋል? የሚል ነው። ለምርመራችን መሠረት ያደረግነው የአገራችንን የኢትዮጵያን ልምድ ሲሆን፥ ለማነጻጸር ከእስያ ሲንጋፖርን፥ ከአፍሪካም ሩዋንዳን መርጠናል። ዓመተ ምሕረት የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በኤሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው ግን «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አለበት።

፩. አራቱን ሥራዎች ለይቶ ስለ ማወቅ

ስለዚህ ጉዳይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ መልክ የሚያጣው፥ በባሕርያቸው የተለያዩ አራት ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ እነዚህን መለየት ይገባል።

አንደኛው ፖሊሲ ማውጣት ነው። ይህ አገሪቱ ወዴት ለመሄድ እንዳሰበችና ከየትኛው እንደምትጀምር መወሰን ማለት ነው። የገጠሩ ቀበሌ ከከተማው ጋር እኩል የስልክ መስመር ያግኝ ወይስ ከተማው ይቅደም? ትምህርት ቤት ይቅደም ወይስ ሆስፒታል? የሚለው ጥያቄ የፖሊሲ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የመንግሥትና የሕዝብ ተወካዮች እንጂ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መቈጣጠር ነው። አገልግሎት ሰጪዎች ፈቃድ እንዲያገኙ፥ የሬዲዮ ሞገድ ሳይጣረስ እንዲከፋፈል፥ ዋጋና ጥራት ከደንብ እንዳይወጣ መጠበቅ የዚህ ክፍል ነው። ይህ የዳኝነት ጠባይ ያለው ሥራ ነው።

ሦስተኛው አገልግሎት መስጠት ነው፤ ሽቦ መዘርጋት፥ ምሰሶ ማቆም፥ ሒሳብ መሰብሰብ ማለት ነው። ይህ የነጋዴ ጠባይ ያለው ሥራ ነው።

አራተኛው ማስተባበር ነው። ይህ ከሁሉ የረቀቀና ብዙ ጊዜ ባለቤት የሌለው ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የመዝገብ አጻጻፍ አንድ ዐይነት እንዲሆን፥ አንዱ የገዛውን ሌላው ደግሞ እንዳይገዛ፥ የአንዱ መዝገብ ለሌላው እንዲነበብ ማድረግ የማስተባበር ተግባር ነው።

ዳኛውና ነጋዴው አንድ ሰው ቢሆኑ ፍርዱ ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት አያስቸግርም፤ ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራ ተለይተው መቆም እንዳለባቸው ዛሬ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው በአንደኛውና በአራተኛው ላይ ነው።

፪. የአገራችን ልምድ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከ1897 እስከ 1899 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ተዘረጋ። በእ.ኤ.አ. 1932 አገራችን የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች።

ከጦርነቱ በኋላ መስመሩን ለማደስና ለማስፋፋት የዓለም ባንክ በየካቲት 1943 ዓ.ም. የ1.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ፈቀደ። ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ በጥቅምት 1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በዐዋጅ ተቋቋመ። የዚህ ቦርድ መቋቋም ለጥያቄያችን ትልቅ ትምህርት አለው። እስከዚያ ድረስ የስልክ ሥራ የሚኒስቴር አንድ ክፍል ነበር፤ ገቢውም ወጪውም ከጠቅላላው በጀት ጋር ይደባለቅ ነበር። ቦርዱ ሲቋቋም ግን የራሱ ሒሳብና የራሱ አስተዳደር ያለው፥ ብድር ተቀብሎ ስለ ብድሩ የሚጠየቅ አካል ሆነ። ይህም አንድ ሥራ በግልጽ የሚጠየቅለት ባለቤት ሲያገኝ እንዴት እንደሚራመድ ያሳያል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን መስመር የሚዘረጋውም፥ ደንብ የሚያወጣውም፥ ስለ ወደፊቱ የሚያስበውም ያው አንዱ ድርጅት ነበር። በጊዜው ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ኮምፒውተርም ገና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ አልሆነም ነበር።

የኮምፒውተር ሥራ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች እየገባ ሲሄድ ጉዳዩ ከስልክ ተለይቶ በሌላ በኩል አደገ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም የሚያስብ ማእከል በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ በሥሩ አቋቋመ። ስለዚህ የስልኩ መስመር አንድ ጌታ፥ የኮምፒውተሩ ሥራ ሌላ ጌታ ነበራቸው። እነዚህ ሁለቱ ዕቃዎች እስካልተገናኙ ድረስ ይህ ችግር አልነበረም። ነገር ግን ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ለሕዝብ አገልግሎት ሲጀምር ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዕቃ ሆኑ፤ ሁለቱ ጌቶች ግን ሁለት እንደ ሆኑ ቀሩ። የማስተባበር ጥያቄ በእውነት የተወለደው ከዚህ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተደርገዋል። የመጀመሪያው፥ በ1989 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 49/1989 ተቈጣጣሪው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ከአገልግሎት ሰጪው ከቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተለይቶ ተቋቋመ። ሁለተኛው፥ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚኒስትሮች ጉባኤ በግንቦት 1988 ዓ.ም. የአፍሪካን የመረጃ ኅብረተሰብ የሚመለከት የጋራ ዕቅድ ተቀበለ፤ እያንዳንዱም አገር የራሱን ብሔራዊ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። ይህ የኮሚሽኑ መቀመጫ አዲስ አበባ ስለ ሆነች አሳቡ ለእኛ ባዳ አልነበረም።

በስሙም በተግባሩም የማስተባበር ሥራ የተሰጠው አካል የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በዐዋጅ ቁጥር 360/1995 የቆመው የኢትዮጵያ ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ልማት ባለሥልጣን ነው። በዚሁ ዘመን መንግሥት ወረዳዎችን በመረብ የሚያገናኘውን የወረዳ ኔትና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘውን የስኩል ኔት ሥራ አስጀመረ። የብሔራዊ ፖሊሲው ሰነድ ግን ታትሞ የወጣው በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አካሉ ከተቋቋመ ስድስት ዓመት በኋላ ፖሊሲው ወጣ፤ ፖሊሲው ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. አስፈጻሚ አካላትን እንደ ገና ባደራጀው በዐዋጅ ቁጥር 691/2003 የኮሙኒኬሽንና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተቋቁሞ የባለሥልጣኑንም የተቈጣጣሪውን ኤጀንሲም ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። አገልግሎት ሰጪው ኮርፖሬሽንም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በሚል ስም ተተካ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 1097/2011 ይህ ሚኒስቴር ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ተዋሕዶ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ። በዚያው ዓመት በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ የመቈጣጠር ሥራ እንደ ገና ተለይቶ ቆመ። ይህ መለየት ፍሬ አፍርቷል፤ በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው የባለአክሲዮኖች ቡድን በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር፥ ለብዙ ዘመን የቆየው የአንድ ድርጅት ብቸኛነት አበቃ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፥ ከ1995 እስከ 2011 ዓ.ም. ባሉት 16 ዓመታት የማስተባበር ኀላፊነት በሦስት ልዩ ልዩ ስሞችና ቅርጾች አልፏል። መሥሪያ ቤት በተለወጠ ቍጥር ባለሙያው ይበተናል፤ ማኅተም ይለወጣል፤ የተጀመረ ውል ባለቤት ይፈለግለታል፤ ያለፈው ለምን እንደዚያ እንደ ተወሰነ የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል። ሁለተኛ፥ መቈጣጠር ከአገልግሎት በ1989 ተለየ፥ በ2003 ወደ ሚኒስቴር ገባ፥ በ2011 እንደ ገና ተለየ። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ለመለየት የተገደድነው በመጀመሪያው ጊዜ የተለየበት ምክንያት በሚገባ ተጽፎና ተጠብቆ ስላልቆየ ይመስለናል።

፫. የፊደላችን ምሳሌ

ማስተባበር ማለት በእጅ የሚዳሰስ ነገር ስላልሆነ፥ ትርጕሙን በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። ለእኛ ከፊደላችን የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። «ለ» ብለን ስንጽፍ መኪናው የሚያስቀምጠው ለ«ለ» የተመደበውን ቍጥር ነው። ስለዚህ ጻፊውና አንባቢው የትኛው ቍጥር ለየትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ዐይነት ሰንጠረዥ ሊኖራቸው ይገባል። በቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች የተለመደው ሰንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ 20ው የግእዝ አኀዝ ሲጨመር 251 ይሆናል። የቀሩት አምስት ቦታዎች ለዲቃላዎቹ፥ ለነቍጦቹ፥ ለኤሮፓ ቍጥሮችና መኪናው ራሱ ለሚፈልጋቸው የትእዛዝ ምልክቶች ሁሉ እንደማይበቁ ግልጽ ነው።

ስለዚህ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹና 1990ዎቹ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች ሁሉ ችግሩን በየራሳቸው ብልኀት ፈቱት። አንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ፊደሉን ገላና ቅጥያ አድርጎ ከፈለው፤ ሌላው በሁለት ሰንጠረዥ አካፈለው፤ ሦስተኛው ብዙ የማይሠራባቸውን ፊደሎች ተወ። እያንዳንዱ ብልኀት ለብቻው ሲታይ የሚያስመሰግን ነበር። ሲገናኙ ግን መከራ ሆነ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ከላቲን ፊደልና ከምልክት የተደባለቀ፥ ማንም የማያነበው ዝባዝንኬ ሆኖ ይታይ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣውን ሪፖርት ለማንበብ ጸሓፊው ሪፖርቱ የተጻፈበትን ፕሮግራም መፈለግ ነበረበት፤ ካጣም እንደ ገና ይጽፈው ነበር።

መፍትሔው የመጣው በዓለም አቀፍ መድረክ ነው። በአገር ውስጥና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ጋር ተከራክረውና ተስማምተው፥ የዓለምን ቋንቋዎች ፊደል በአንድ ሰንጠረዥ የሚያኖረው ዩኒኮድ በእ.ኤ.አ. 1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠ። ከዚያም በእ.ኤ.አ. 2005፥ 2010ና 2021 ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደሎች ገቡ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስልክ የተጻፈ መልእክት በዋሽንግተንም በኢየሩሳሌምም ሳይለወጥ የሚነበበው ከዚህ ስምምነት የተነሣ ነው። ማንም ማንንም አልከለከለም፤ የፕሮግራም ሠሪዎችም ውድድር አልቆመም። የተለወጠው ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ መስማማታቸው ብቻ ነው። የማስተባበር ጥቅም ይህ ነው። ከስምምነቱ በፊት በየሰንጠረዡ የተጻፈው ግን የሚለውጠው ሰው ካላገኘ በየመዝገብ ቤቱ ዕውር ሆኖ ይቀራል።

ይህ ተፈጽሞ ሳለ ገና ያልተፈጸሙ ብዙ ተመሳሳይ ጉዳዮች አሉ። ስመ ጥሩውን «ኀይሉ» የሚለውን ስም እንውሰድ። አንዱ ጸሓፊ «ኀይሉ»፥ ሌላው «ኃይሉ»፥ ሌላው «ሀይሉ»፥ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ይመዘግበዋል። ለአንባቢ አራቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ የልደት ቀን በአንዱ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ በሌላው በኤሮፓ አቆጣጠር ሲጻፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። ስማችንም የአባትና የአያት ስም ይከተለዋል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ከውጭ አገር የሚገዛው ፕሮግራም ግን ብዙውን ጊዜ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ጡረታ ሊወስድ የመጣ ሽማግሌ ስሙና ዕድሜው በሁለት መዝገብ ሁለት ዐይነት ሆኖ ቢገኝ፥ መብቱን ለማስረዳት የሚንከራተተው እርሱ ነው። የመዝገቡ ጉድለት የእርሱ ጥፋት ሆኖ ይቈጠርበታል። ይህን የሚያስተካክል የአጻጻፍ ደንብ ማውጣት ለአንድ ሚኒስቴር ወይም ለአንድ ባንክ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም።

፬. ከሁለት አገሮች የሚገኝ ትምህርት

ሲንጋፖር በእ.ኤ.አ. 1981 ብሔራዊ የኮምፒውተር ቦርድ አቋቋመች። ቦርዱ በመጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በኮምፒውተር ማደራጀትና ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። በእ.ኤ.አ. 1989 መጀመሪያ ትሬድ ኔት የሚባለው የንግድ ሰነድ መረብ ሥራ ጀመረ፤ ነጋዴው ወደየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ማዞሩን ትቶ አንድ ጊዜ ሞልቶ በላከው ቅጽ፥ ቀናት ይፈጅ የነበረው ፈቃድ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ። ከዚህ ላይ የሚያስተውለው ነገር ትሬድ ኔት በኮምፒውተር ብቻ የተገኘ ውጤት አለመሆኑ ነው። ጉምሩኩ፥ ወደቡና ልዩ ልዩ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቅጽ እንዲስማሙ ማድረግ ነበረባቸው፤ ይህም የቴክኒክ ሳይሆን የማስተባበር ድል ነው። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት የሚከተለው ይህንኑ አሳብ ነው።

ይሁን እንጂ የሲንጋፖር ቦርድ ራሱ ሳይለወጥ አልኖረም። በእ.ኤ.አ. 1999 መጨረሻ ከቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ጋር ተዋሐደ፤ በ2016 ደግሞ ሥራው እንደ ገና ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ክፍል የመንግሥትን የቴክኖሎጂ ሥራ ሲይዝ ሁለተኛው የኢንዱስትሪውንና የመገናኛ ብዙኀኑን ጉዳይ ያዘ። እንግዲህ መለወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ግን እዚያ ከአንዱ ለውጥ እስከ ሁለተኛው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል፤ ዕቅዱም ከለውጡ ጋር አልተቋረጠም።

ሩዋንዳ ለእኛ ይበልጥ ትቀርባለች። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ባቀረበው ጥሪ መሠረት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዕቅድዋን ከ2001 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ላለው ጊዜ አወጣች፤ በ2002ም ዕቅዱን የሚያስፈጽም ባለሥልጣን አቋቋመች። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ይህ ሥራ ወደ ሩዋንዳ የልማት ቦርድ ተጠቀለለ፤ በ2017 ደግሞ የመረጃ ኅብረተሰብ ባለሥልጣን በሚል ስም ራሱን ችሎ እንደ ገና ቆመ። የሩዋንዳ ልዩነት ዕቅዱ ቀድሞ፥ አስፈጻሚው መከተሉ ነው። አካሉ ሲቋቋም የሚሠራው ሥራ ተጽፎ ይጠብቀው ነበር። በእኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ እንደ ነበር ከላይ አይተናል።

፭. በተቃራኒ ስለሚቀርቡ አሳቦች

የማስተባበሪያ አካል አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል ስላልሆነ በቅንነት መመርመር ይገባል።

አንዳንዶች መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ራሳቸው ጥቅማቸውን ካዩ ያለ አስገዳጅ ይስማማሉ ይላሉ። ለዚህም ባንኮቻችንን ይጠቅሳሉ። ቀድሞ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ የገንዘብ መክፈያ መኪና አይሠራም ነበር፤ ባንኮቹ ግን ኢትስዊች የሚባለውን የጋራ ድርጅት አቋቁመው፥ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪናዎቹ የሁሉንም ካርድ የሚቀበሉ ሆኑ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ባንኮቹን የሚያሰባስብ ብሔራዊ ባንክ መኖሩን መርሳት አይገባም። ጤና ጥበቃን፥ ትምህርትን፥ ፍርድ ቤትንና ጡረታን አንድ ላይ የሚያሰባስብ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለም።

ሌሎች «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ። ሁለት መሥሪያ ቤት ሁለት ዐይነት ቢሠራ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያተርፋል ማለታቸው ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ባላዎች የሚተከሉት ለአንድ ተሸካሚ ነው። ርዝመታቸው ካልተስተካከለ ሁለት መሆናቸው አይጠቅምም። መጠባበቂያ ማኖርና ሳይስማሙ መሥራት አንድ አይደሉም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት የፍርሀት ምክንያት ነው። መዛግብት ሁሉ ከተገናኙ አንድ ባለሥልጣን ስለ አንድ ዜጋ ጤና፥ ገንዘብ፥ ቤተ ሰብና ጕዞ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያውቅ ይችላል። ማገናኘት የሚችል እጅ ማቋረጥም ይችላል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን ያልቀመሰ የለም። ይህ ፍርሀት ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። መልሱ ግን ማስተባበርን መተው ሳይሆን ሥልጣንን መከፋፈል ነው። አስተባባሪው የአጻጻፉን ደንብ ያውጣ እንጂ መዛግብቱን በአንድ ጎተራ አያከማች፤ የጤናው መዝገብ በጤናው፥ የፍርዱ በፍርድ ቤት ይቆይ፤ አንዱ ከሌላው ሲጠይቅም ማን፥ መቼ፥ ለምን እንደ ጠየቀ ይመዝገብ። የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣታቸው ለዚህ መሠረት ይሆናል። ሕግ ግን የሚሠራው ዜጋው መብቱን ሲያውቀውና ሲጠይቅበት ነው።

፮. ምን ዐይነት አካል?

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው በመነሣት፥ የሚያስተባብረው አካል ሊኖሩት ይገባል የምንላቸውን ጠባዮች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፥ ትንሽ ይሁን። ሽቦ አይዘርጋ፥ ኮምፒውተር አይሽጥ፥ ፈቃድ አይስጥ። ሥራው ደንብ ማውጣት፥ ማስማማትና መከታተል ብቻ ከሆነ ጥቂት የተመረጡ ባለሙያዎች ይበቁታል፤ ከማንም ጋር ስለማይወዳደርም ሁሉ ያምነዋል።

ሁለተኛ፥ ከአንድ ሚኒስቴር በላይ ይቁም። እኩያ እኩያውን ማዘዝ ስለማይችል፥ አንድ ሚኒስቴር ሌሎቹን ሚኒስቴሮች ያስተባብር ማለት በወረቀት ይቻላል፥ በሥራ ግን ይከብዳል። ስለዚህ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም በምክትላቸው ሰብሳቢነት የሚመራ ምክር ቤት ቢኖረው መልካም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የቴሌኮሙኒኬሽንን አገልግሎት ለፌዴራሉ መንግሥት ቢሰጥም፥ የወረዳው መዝገብ በክልሎች እጅ ስለ ሆነ ክልሎች በምክር ቤቱ መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል። ደንቡም የክልሎችን የሥራ ቋንቋዎች ሁሉ የሚያስብ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፥ የሚይዘው ልጓም ይኑረው። ምክር ብቻ የሚሰጥ አካል ሰሚ አያገኝም። ከበጀት ጋር ያልተያያዘ ማስተባበርም በስብሰባ ይጀምራል፥ በስብሰባ ያበቃል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ከተወሰነ ገንዘብ በላይ የሚያወጣ የቴክኖሎጂ ግዢ ሲያስብ፥ የገንዘብ ሚኒስቴር በጀቱን ከመፍቀዱ በፊት ግዢው ከጋራው ደንብ ጋር መስማማቱን ይህ አካል በአጭር ጊዜ ይመስክር። ጊዜው ቢያልፍ እንደ ፈቀደ ይቈጠር፤ ያለዚያ አስተባባሪው ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

አራተኛ፥ ደንቦቹን ሁሉ በይፋ ያትም። የፕሮግራም ሠሪው ወጣትም፥ የባንኩ መሐንዲስም፥ የእኛ ተማሪዎችም ያለ ክፍያ አንብበው ሊነቅፉት ይችሉ ዘንድ።

አምስተኛ፥ በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቅርብ። በሪፖርቱም ስንት ስብሰባ እንዳደረገ ሳይሆን፥ ዜጋው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚሸከመው ወረቀት በስንት እንደ ቀነሰ ይናገር።

ስድስተኛ፥ ስለ ሞቱም ይታሰብ። በዐዋጁ ውስጥ አካሉ ሲፈርስ ወይም ሲዋሐድ መዛግብቱ፥ ውሎቹና የውሳኔዎቹ ምክንያቶች ለማን እንደሚተላለፉ ተጽፎ ይቀመጥ። የ16 ዓመቱ ታሪካችን የሚያስተምረን ይህንን ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ራሱ ስሙን የወሰደው ከኤሮፓ ዓመት ነው፤ የወሰነው ዓመት ሲያልፍ ምን እንደ ተሳካና ምን እንደ ቀረ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኘው፥ የሚያስታውስ አካል ሲኖር ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሳችን አዎን፥ ያስፈልጋል የሚል ነው። ለሁለተኛው ግን መልሳችን የሚያስፈልገው ትልቅ ድርጅት አይደለም የሚል ነው። ፖሊሲ በመንግሥትና በተወካዮች እጅ ይሁን፤ ቍጥጥር ራሱን በቻለ ባለሥልጣን ይቁም፤ አገልግሎት በተወዳዳሪዎች ይሰጥ፤ ማስተባበር ደግሞ ትንሽ፥ ጸጥ ያለ፥ ነገር ግን የበጀት ልጓም የያዘ ባለቤት ያግኝ።

ይህ ጉዳይ ለሕግና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የቋንቋ ተማሪው የስሞቻችንን አጻጻፍ፥ የታሪክ ተማሪው በአሮጌ ሰንጠረዥ የተጻፉትን መዛግብት፥ የኢኮኖሚ ተማሪው በድርብ ግዢ የሚባክነውን ገንዘብ፥ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪው ደግሞ ባለጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚያጠፋውን ቀን ሊያጠና ይችላል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በየወረዳው መሥሪያ ቤት አንድ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ ቈጥረን ብንመጣ፥ የሚቀጥለው ጽሑፍ ከዚህኛው ይልቅ በማስረጃ የጠነከረ ይሆናል። መምህራንና ጓደኞቻችን በአሳባችን ላይ የሚሰጡትን ነቀፌታ በደስታ እንቀበላለን።